ሸማችን በሽሮ ሜዳ ወይስ በባሕር ማዶ?

ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው የሚያገኘው ትልቅ ገበያ ሽሮ ሜዳ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰቀለው ነጠላ፣ ጋቢና ቀሚስ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ቀረብ ብሎ በእጁ ለዳሰሰው ግን፣ አንዱ በጉለሌ መንደሮች ውስጥ በእጅ የተሸመነ፣ ሌላው በባሕር ማዶ በመኪና ተሠርቶ በመርከብ የመጣ እንደ ሆነ ይገለጽለታል። ዋጋውም የተለያየ ነው፤ የባሕር ማዶው ይረክሳል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣና ምን እንደሚያስከትል ነው። ከዚህ ሠፈር ልጆች ብዙዎቻችን የምንጽፍበት ደብተርና የምንለብሰው ዩኒፎርም የተገዛው ከሽመናና ከፈትል በተገኘ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በመጀመሪያ ሸማ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልግለጽ፤ ይህን ያላወቀ ሰው ዋጋውን ሊያውቅ አይችልምና። ጥጡ በመዳመጫ ከፍሬው ይለያል፤ ቀጥሎም በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶውም በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነው። በገበያ ስለ ሸማኔ ብዙ ሲወራ ስለ ፈታይዋ የሚያነሣ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ነገር ግን እናቶቻችንና አያቶቻችን እንዝርት ባያሾሩ ኖሮ ሸማኔው የሚወረውረው ባልኖረው ነበር። በጨርቁ ርዝመት የሚወጠረው ክር ድር ይባላል፤ በወርዱ የሚገባው ደግሞ ማግ ይባላል። ዛሬ ጊዜ ድሩ በአብዛኛው ከፋብሪካ የሚገዛ ክር ነው፤ በእቃው ላይ ሲወጠርና ሲፋተግ ስለሚውል ብርታት ያስፈልገዋልና። ማጉ ግን ለጥሩ ነጠላና ለጋቢ አሁንም የእጅ ፈትል ነው፤ ልስላሴውና ሙቀቱ የሚገኘው ከእርሱ ነው።

ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫዎቹን እያፈራረቀ ድሩን ይከፍታል፤ በተከፈተውም መካከል መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝም ወደ ግራ ይወረውራል። መወርወሪያው ከአንዱ እጅ ወጥቶ በሌላው እጅ ስለሚያዝ፣ የጨርቁ ወርድ ከሰው ክንድ ዝርጋታ ሊያልፍ አይችልም። ሰፊ ነጠላ ሁለት ወርድ ተጋጥሞ የሚሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ኬይ የተባለ ሰው በ1733 እ.ኤ.አ. መወርወሪያው በገመድ እየተሳበ ወዲያና ወዲህ የሚበርበትን መንገድ አገኘ፤ ኤድመንድ ካርትራይት ደግሞ በ1785 እ.ኤ.አ. በኃይል የሚሠራ የሽመና መኪና ፈጠረ። የዛሬው መኪና በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ማግ ያስገባል።

ልዩነቱ በሒሳብ ቢታይ ይሻላል። በአንድ ሳንቲሜትር ጨርቅ ውስጥ 15 ማግ ይገባል ብለን እናስብ፤ እንግዲያስ ለአንድ ሜትር 1500 ማግ ያስፈልጋል። ሸማኔው ሳያቋርጥ በደቂቃ 30 ጊዜ ቢወረውር አንዱን ሜትር በ50 ደቂቃ ይጨርሳል። መኪናው በደቂቃ 500 ቢያስገባ ሥራው የ3 ደቂቃ ነው። ይህም ክር ሳይበጠስ፣ ሻይ ሳይጠጣ፣ ወገብ ሳይታመም የታሰበ ነው። ነገር ግን ይህ ሒሳብ የሚሠራው ለነጩ ጨርቅ ብቻ ነው። ወደ ጥለቱ ሲደረስ ሸማኔው ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ በድሩ መካከል ስለሚያስገባ፣ አንዲት ጣት የምታህል ጥለት የሰዓታት ሥራ ትሆናለች። ጥበቡ ሰፊ የሆነ ቀሚስ ሳምንታት ይፈጃል። የባሕር ማዶው ፋብሪካ ግን ጥለቱን በማተሚያ ስለሚያትመው ለአበባውም ለመስቀሉም የሚጨምረው ጊዜ የለም። እንግዲህ ሸማኔው አብልጦ የሚሸነፈው አብልጦ በሚራቀቅበት ቦታ ላይ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ድሮ ሁሉም የራሳችን ነበር፤ የውጭ ነገር ያበላሸን አሁን ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር በታሪክ ሲመረመር አይጸናም። በጎንደር ዘመን በቀዳዳ ሰሌዳዎች ከተሸመኑት ታላላቅ የሐር መጋረጃዎች አንዱ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ ሌላው በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አለ። ሥራው የአገራችን ሰዎች እጅ ሥራ ነው፤ ሐሩ ግን ከቻይና እንደ መጣ ሊቃውንት ያምናሉ። በዚያም ዘመን ሸማኔዎች ቀይና ሰማያዊ ክር ሲያጡ ከሕንድ የመጣውን ባለ ቀለም ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ለጥለት ያደርጉት ነበር። እዚሁ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ባለው ሙዚየም የዐፄ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን ልብሶች ስንመለከት፣ ሐርና ከፋይ የሚባሉት ጨርቆች በባሕር ይመጡ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባናል። ዐፄ ምኒልክ በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ሲነግሡ፣ ከውጭ የመጣ ጨርቅ በቤተ መንግሥቱ አዲስ ነገር አልነበረም።

ለተራው ሰው ደግሞ አቡጀዲ መጣ። ይህ ጨርቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በብዛት ከአሜሪካ ይገባ ነበር፤ ኋላም የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ያዘ። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የጨርቁ መንገድ አጠረለት። ሸማኔዎቻችን ግን አልጠፉም። በአቡጀዲ ሱሪና እጀ ጠባብ ተሰፋበት፤ ለክብርና ለበዓል የሚለበሰው ነጠላና ጋቢ ለሸማኔው ቀረ። ጋሞ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ከተጠቃለለ በኋላ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በጉለሌ ሠፍረው ሥራቸውን አስፋፉ። የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. በኢጣልያ የጦር ካሣ ገንዘብ ተቋቁሞ ሥራ ሲጀምር እንኳ በእቃው ላይ የተቀመጠው ሰው አልተነሣም፤ ይልቁንም እንደዚህ ካሉ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክር ለድር አገለገለው።

የአሁኑ ነገር ከዚህ በምን ይለያል ቢባል፣ መልሱ እንዲህ ነው። በጎንደር ዘመን ሐሩ ከሩቅ መጣ፤ ሥራው እዚህ ቀረ። በአቡጀዲ ዘመን ጨርቁ ከሩቅ መጣ፤ ጥለቱ ግን እዚህ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሄደው ራሱ ጥለቱ ነው። ነጋዴው አንዱን ቀሚስ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ ቻይና ፋብሪካ ይልካል፤ ሸማኔው ከአባቱ የተማረው፣ እርሱም ራሱ የጨመረበት ንድፍ በሺህ ሜትር ታትሞ በኮንቴይነር ይመለሳል። ንድፉን ያወጣው ሰው ከዚህ ሁሉ አንድ ብር አይደርሰውም፤ አልፎ ተርፎም የራሱን ንድፍ በግማሽ ዋጋ በፊቱ ተሰቅሎ ያየዋል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሆርንቢ የሚባል የታወቀ የመጫወቻ ባቡር ሠሪ አለ፤ እነዚህ ባቡሮች የትልቁን ባቡር መልክ እስከ ጎማው ድረስ አሳንሰው የሚያሳዩ ስለ ሆኑ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ሽማግሌዎችም ይሰበስቧቸዋል። ድርጅቱ ማርጌት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ይሠራ ነበር፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ሥራውን ለርካሽ ጉልበት ብሎ ወደ ቻይና አዛወረ። ለጊዜው ጥሩ ሆነ፤ ባቡሩም ከድሮው የበለጠ ረቂቅ ሆኖ ተሠራ። በ2008 እ.ኤ.አ. ግን የሆርንቢን ባቡሮች የሚሠራለትን የቻይና ድርጅት ካደር የሚባል ሌላ ድርጅት ገዛው፤ ካደር ደግሞ የሆርንቢ ተፎካካሪ የሆነው የባክማን ባለቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባቡሮቹ በጊዜያቸው አልደርስ እያሉ ሆርንቢ ብዙ ተቸገረ። ስሙ የእንግሊዝ፣ ንድፉ የእንግሊዝ ነበር፤ መሥሪያው ግን በሌላ ሰው እጅ ነበር።

የእኛ ሁኔታ ከሆርንቢ ይብሳል እላለሁ። እርሱ ንድፉን የሰጠው በውል ነው፤ የእኛ ሸማኔ ንድፍ የሄደው ሳይጠየቅ ነው።

በሌላ በኩል «አገር ውስጥ ተሠራ» ማለት ብቻውን ብዙ እንደማያስረዳ መታወቅ አለበት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር። በዚያ ከሚሰፉት ልብሶች ብዙዎቹ ጨርቃቸው ከውጭ የመጣ፣ ንድፋቸው በውጭ የተወሰነ፣ ገበያቸውም አሜሪካና አውሮፓ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የሠራተኛው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደ ነበር ገልጸዋል። ቆይቶም አሜሪካ ለኢትዮጵያ ሰጥታ የነበረውን አጎዋ የተባለ ከቀረጥ ነጻ ዕድል ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታነሣ፣ ብዙ ልጃገረዶች ሥራቸውን አጡ። በልብሱ ላይ የተለጠፈው የአገራችን ስም ነው፤ ነገር ግን ድሩም ማጉም ገዢውም የሌላ ነበር።

የሽሮ ሜዳውም ሸማ ቢሆን ከዚህ ፈጽሞ ነጻ አይደለም። በጥለቱ ላይ የሚያብለጨልጨው፣ የወርቅና የብር መልክ ያለው ክር በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 58 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኢኮኖሚክስ መጽሐፋችን የገንዘብ ዋጋ ሲወርድ የውጭ ዕቃ ስለሚወደድ የአገር ውስጡ ይጠቀማል ይላል። ይህ እውነት የሚሆነው ግን የአገር ውስጡ ዕቃ በአገር ውስጥ ክር ሲሠራ ነው። ሸማኔው ባለ ቀለሙን ክር በውድ ገዝቶ ነጠላውን በድሮው ዋጋ ካልሸጠ ገዢ የሚያጣ ከሆነ፣ መጽሐፉ ያለው ጥቅም ደጃፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ጥጥ በአዋሽ ሸለቆ፣ በመተማና በሑመራ የሚበቅልባት አገር ለጥለት የሚሆን ቀለም የማይለቅ ክር ራሷ አብቅታ ብታቀርብ፣ ከማንኛውም ክልከላ የበለጠ ሸማኔውን ይረዳው ነበር።

ስለ እጅ ሥራ መልካምነት ብቻ ተናግሬ ባልፍ ግን እውነቱን ከፍዬ መደበቄ ነው። ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው መጥተው ፊደል ሳይቆጥሩ በእቃ ላይ ያደጉ ብዙዎች አሉ። ጉድጓዱ ቀዝቃዛ ነው፤ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ወገብና ዐይን ይጎዳል። ሥራው ያልተከበረበትም ዘመን ረጅም ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት፣ ሸማኔውንም ቀጥቃጩንም የሚንቅ ሰው በመብዛቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ልጄ ከዚህ ጉድጓድ ወጥቶ ይማር» ቢል ትክክል ነው። በባሕር ማዶው ጨርቅ ምክንያት ከሥራ የሚወጣው ሸማኔ ግን ከጉድጓዱ ወጥቶ የሚገባበት ፋብሪካ የለውም። በማንችስተር የእጅ ሸማኔው ሲወድቅ መኪናው እዚያው በከተማው ነበር፤ የእኛን ሸማኔ የሚጥለው መኪና ያለው በሌላ አገር ነው፤ ልጁ ተቀጥሮ ሊሠራበት አይችልም። በአገራችን ያሉት የጥልፍ መኪናዎች እንኳ፣ ከእጅ ሥራ ጋር ቢፎካከሩም፣ ቢያንስ የሚያንቀሳቅሳቸው የሠፈራችን ልጅ ነው።

ወላጆቻችን ሲገበዩ እንዲጠቅማቸው፣ በእጅ የተሸመነውን ከታተመው መለየት የሚቻልበትን መንገድ እዚህ ላይ ማስረዳት እወዳለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዝዞ ይታያል፤ በእጅ የገባ ከሆነ ግን ባለ ቀለሙ ክር በየንድፉ ጠርዝ ላይ ታጥፎ ሲመለስ በዐይን ይታያል። በጥልፍ መኪና የተሠራው ደግሞ ከሥር ሌላ ቀጭን ክር ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ የእጅ ፈትል ማግ አንድ ዐይነት ውፍረት የለውም፤ ወደ ብርሃን ቢያዙት እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል። ሦስተኛ፣ ከጫፉ አንዲት ክር መዝዞ በእሳት ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ዐመዱም ለስላሳ ነው፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ይህን በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ መሞከር ይቻላል፤ በነጋዴው ሱቅ ውስጥ ግን ክብሪት መጫር አይገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የውጭውን ጨርቅ ጨርሶ ይከልከል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ለበዓል ልጇን ለማልበስ ከርካሹ ሌላ አቅም የሌላትን እናት ማን ይከሳታል? ነገር ግን ገዢ ሊታለል አይገባውም። ሕንድ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አንዳንድ የጨርቅ ዐይነቶች በእጅ ብቻ እንዲሸመኑ ለይታ አስቀምጣለች፤ ቆይታም በ2006 እ.ኤ.አ. በእጅ ለተሸመነ ጨርቅ የሚለጠፍ ምልክት አውጥታለች። በጋና የኬንቴ ጨርቅ ሥራ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ ይህ ክብር ነው፤ መዝገብ ብቻውን ግን ማተሚያ መኪና አያቆምም። የራሳችንም ምሳሌ አለን፤ መንግሥታችን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞች በአሜሪካ በኢትዮጵያ ስም እንዲመዘገቡ ተከራክሮ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። ለቡና ስም የተደረገው ለሸማ የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም። በዚያው በ2007 እ.ኤ.አ. ሊያ ከበደ የመሠረተችው ለምለም የተባለ ድርጅት በአገራችን በእጅ የተሸመነ ልብስ ለውጭ ገበያ ማቅረቡ፣ እውነተኛው ሸማ በእውነተኛ ስሙ ሲቀርብ የሚከፍል ሰው እንደማይጠፋ ያሳያል።

ከዚሁ ጋር አንድ ለእኛ የቀረበ ጉዳይ አለ። የዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተመራቂዎች ለምረቃ በትከሻችን የምንደርበውን ባለ ጥለት ጨርቅ በተመለከተ በክፍሉ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወገን የታተመው ይገዛ፣ ዋጋው ለሁሉ ይስማማል አለ። ሌላው ወገን አባቶቻቸው ሸማኔ የሆኑ ጓደኞቻችን በመካከላችን ተቀምጠው ሳለ ይህን ማድረግ አያምርም አለ። በመጨረሻ የተገኘው ሐሳብ ከሁለቱም የተሻለ ይመስለኛል። ይኸውም ጨርቁ ጠባብ እንዲሆን፣ ጥለቱም በሁለቱ ጫፎች ብቻ በሁለት ቀለም እንዲሠራ ነው። ዋጋውን የሚያንረው ነጩ ጨርቅ ሳይሆን ጥለቱ እንደ ሆነ ከላይ አይተናልና፣ ጥለቱ ሲያጥር ዋጋው ከታተመው ብዙ አልራቀም።

የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች ይህንኑ ለማድረግ ቢያስቡ፣ ትእዛዙን ከጥምቀት በኋላ ወዲያውኑ ቢሰጡ ይሻላል፤ ፋሲካ ሲቃረብ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሁሉ እጁ ስለሚያዝ አዲስ ሥራ አይቀበልም። የድሩን ክር አስቀድሞ በጅምላ ገዝቶ ለሸማኔው መስጠትም ዋጋውን ይቀንሳል። ለአንድ ክፍል የሚበቃውን ያህል ጨርቅ አንድ ሸማኔ ብቻውን በጊዜ ስለማያደርስ፣ ሥራውን ለሦስት ወይም ለአራት ቤት ማከፋፈል፣ የጥለቱንም ልክ በወረቀት ሥሎ ለእያንዳንዳቸው መስጠት ያስፈልጋል።